ሳይነገርላት የተመታች ኳስ

በገበያ ቀን የአራጋውን ዣንጥላ ዘርግቶ፣ ከኋላ ከኋላው እየተከተለ በሐይቅ ገበያ መሐል ማለፍ! ኑርዬ ይህን ባሰበ ቁጥር የጎረሰው አልወርድ ይለዋል። በሰው እንዳያላክክ ውርርዱን ያመጣው ራሱ ነው። «የተሸነፈ ያሸናፊውን ዣንጥላ ይዞ ገበያውን ይዙር፤ ወላሂ ብያለሁ!» ብሎ ሰው ሁሉ ፊት የማለው እሱ ነው። ያኔ ዣንጥላ ያዡ አራጋው እንደሚሆን ቅንጣት አልተጠራጠረም። አሁን ግን ጨዋታው መጨረሻው ጉድጓድ ላይ ደርሶ ሁለቱ እኩል ለእኩል ናቸው፤ የአራጋውን ዱላ ደግሞ ዛሬ ጂን ሳይጠጋው አልቀረም።

ጎልፍ ሐይቅ ከተማ ምን ሊያደርግ ገባ የሚል ሰው አይጠፋም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ ይስማ። የለውጡ ሰሞን ነው፤ ሁሉም ነገር ሊሆን ነው በተባለበት ጊዜ። አንድ ባለሀብት ከአዲስ አበባ መጣና ሐይቁ ዳር ያለውን መስክ በዓይኑ ለካ። «እዚህ ሎጅ፣ እዚያ የጀልባ ማረፊያ፣ እዚህ ደግሞ የጎልፍ ሜዳ» አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ጎልፍ የሚበላ ይሁን የሚጠጣ ያወቀ አልነበረም፤ ግን በዚያ ሰሞን የማይጨበጨብለት ነገር አልነበረም። ግሬደር መጣ፣ መስኩ ተደለደለ፣ ሦስት ጉድጓድ ተማሰ፣ ትልቅ የቆርቆሮ ማስታወቂያ ቆመ። ከዚያ ጦርነቱ መጣና ባለሀብቱ ስልኩን አጠፋ።

ሐይቅ በተያዘችበት ሰሞን መስኩ ላይ የሰፈሩት ተዋጊዎች ዳር እስከ ዳር ምሽግ ቆፈሩበት። ሲሄዱ ምሽጉን ይዘውት አልሄዱም። ሕዝቡ ከተሰደደበት ተመልሶ ቤቱን ሲጠራርግ፣ ወድቆ የቀረ የሚፈነዳ ነገር እንዳይኖር መስኩም ተፈተሸ፤ ከብቱ ተመልሶ ጋጠበት። ሦስቱ ጉድጓዶችና ቆርቆሮው ግን ባሉበት ነበሩ።

የኑርዬ ልጅ ሰሚሃ ከዱባይ የተመለሰችው ያን ጊዜ ነው። አጥሩ ከጎልፍ ሜዳ ጋር በሚዋሰን ቤት ስትሠራ ኖራለች። እየተተኮሰ ግቢ የሚገባውን ኳስ ትለቅም ነበር፤ በኋላም አሠሪዋ ዱላ ተሸካሚ አድርጋ ይዛት ስትዞር ጨዋታውን ከነሕጉ ተማረችው። ዕቃዋ በካርጎ ሲመጣ እናቷ ብርድ ልብስና ምንጣፍ ስትጠብቅ፣ አንድ ረጅም ከረጢት ሙሉ ዱላና አንድ ፌስታል ነጭ ኳስ ወጣ። እናቷ ራሷን ይዛ ተቀመጠች። ኑርዬ ግን ዱላውን አንሥቶ በእጁ መዘነው። ሽማግሌ ዕድሜውን ሙሉ ዱላ ይዞ ይዞራል፤ አንድም ነገር ሳይመታበት ይሞታል። እዚህ ጨዋታ ላይ ግን መምታት ይፈቀዳል፤ ያውም የተመታው አይጮህም።

ከኑርዬ ቀጥሎ የተያዘው አራጋው ነው። አራጋው የልጅነት ጓደኛው ነው፤ ዕድሜ ልኩን በደሴና በወልድያ መካከል አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ የሞተሩ ጩኸት ጆሮውን የደፈነው ሰው። ሁለቱ በልጅነታቸው በዋና፣ በጎልማሳነታቸው በበግ ማድለብ ሲፎካከሩ ኖረዋል። ሁለቱም የአገር ሽማግሌዎች ናቸው። የተጣላ ሲያስታርቁ አንድ ልብ፣ ሲጫወቱ ግን ድመትና አይጥ ናቸው።

ሰሚሃ ሕጉን ያስተማረቻቸው መስኩ ዳር ያለው ዋርካ ሥር አስቀምጣ ነው።

«ኳሷ ከጠፋች ሦስት ደቂቃ ትፈለጋለች» አለች። «ከዚያ በኋላ ብትገኝም እንዳልተገኘች ናት።»

«ለጠፋ ነገር ሦስት ደቂቃ?» አለ አራጋው። «እኔ ለአንዲት አሮጊት ሻንጣ ብዬ ከነተሳፋሪዬ ውርጌሳ ድረስ ተመልሻለሁ!»

«ሕጉ ነው፣ ጋሼ። አሁን ይህቺን ልብ አድርጉ። የመታችኋት ኳስ ጠፍታ ይሆናል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ፣ ፍለጋ ሳትሄዱ እዚያው ቆማችሁ ሌላ ትመታላችሁ። ተጠባባቂ ትባላለች። የመጀመሪያዋ ከተገኘች ተጠባባቂዋ ትነሣለች፤ ካልተገኘች በቅጣት ተጠባባቂዋ ትቀጥላለች። ግን ከመምታታችሁ በፊት ‹ይህቺ ተጠባባቂ ናት› ብላችሁ ሰው እየሰማ መናገር አለባችሁ። ሳትናገሩ ከመታችሁ፣ የመጀመሪያዋ እግራችሁ ሥር ብትገኝ እንኳ አለቀላት፤ ጨዋታው በሁለተኛዋ ነው።»

ኑርዬ ይህ አልተዋጠለትም። «ኒያ በልብ ነው፤ ማሰቡ ይበቃል» አለ።

«ኒያማ ለአላህ ነው፣ አባ። አላህ ልብዎን ያያል። ጋሽ አራጋው ግን አያዩም።»

ኑርዬ ጥቂት አሰበና ጭኑን ጠፈጠፈ። «ገባኝ! እንደጠፋ ከብት ነዋ! ያገኘው ሰው ‹ለባለቤቱ ይዤዋለሁ› ብሎ ባደባባይ ካላስነገረ፣ በልቡ የፈለገውን ቢል የሰው ከብት የያዘ ሌባ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ሕጉን ለመጣው ሁሉ በዚህ መንገድ የሚያስረዳው ኑርዬ ሆነ። በጣም የወደደው ግን ሌላውን ነው፤ «ዳኛ የለውም፤ ተጫዋቹ በራሱ ላይ ራሱ ነው ዳኛው» ያለችውን። ዳኝነትማ የለመደው ሙያው ነው። ከአምባሰል ቆላ እስከ ሐይቁ ዳር ሚስት የኮበለለችበት፣ ድንበር የተገፋበት ሁሉ የሚመጣው እሱ ዘንድ ነበር።

ዛሬም ከጨዋታው በኋላ የሚታይ ጉዳይ አለ። ሰው ሁሉ መስኩ ላይ የተሰበሰበው ግማሹ ዣንጥላውን፣ ግማሹ የሀጀራን ጊደር ፍርድ ለማየት ነው።

ሀጀራ ባሏ የሞተባት፣ ሁለት የልጅ ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። ጦርነቱ ሲመጣ አንዱን አዝላ አንዷን እየጎተተች ወደ አምባሰል ወንድሟ ዘንድ ስትሸሽ፣ ያለቻት አንዲት ጊደር በመንገዱ ግርግር ጠፋችባት። ወንድሟ ታሞባት እዚያው ከረመች። ዓመት አልፏት ስትመለስ ጊደሯን እንድሪስ በረት ውስጥ አገኘቻት፤ ወልዳ ላም ሆናለች። እንድሪስ የከብት ነጋዴ ነው፤ ቤቱ እንግዳ የማይጠፋበት፣ ጨዋታው የማይጠገብ። «የሷ እንደነበረች አልክድም» አለ። «ግን አስነግሬያለሁ፤ ዓመት ሙሉ ባለቤት ነኝ ያለ አልመጣም።»

በአገሩ ሽማግሌዎች ደንብ የጠፋ ከብት ያገኘ ሰው ባደባባይ አስነግሮ ዓመት ጠብቆ ባለቤት ካልቀረበ ከብቱ የሱ ነው። ካላስነገረ ግን አሥር ዓመት ቢያበላው ያው የሰው ከብት ነው። ስለዚህ ጥያቄው አንዲት ብቻ ነበረች፤ አስነግሯል ወይስ አላስነገረም? እንድሪስ ሁለት ምስክር ቆጥሯል፤ ዓሣ አስጋሪው ኸሚስና ሌላ ጎረቤቱ። ሀጀራ ያላት አንድ አፏ ብቻ ነው።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነብኝ፣ አያ ኑርዬ» ብላው ነበር ልታመለክት የመጣች ዕለት። የሷ እንኳ በሰማይ አልነበረችም፤ ሁለት አጥር አልፎ እንድሪስ ግቢ ነበረች። ላሚቱ ስትጮኽ የልጅ ልጆቿ እየሰሙ ጥቁር ሻይ ይጠጣሉ።

ኑርዬ አዝኖላታል። ግን ምስክር ምስክር ነው፤ ሽማግሌ በሆዱ አይፈርድም። ጉዳዩን በልቡ ጨርሶት ነበር። ሀጀራን በምን ቃል እንደሚያጽናናት እንኳ አዘጋጅቷል፤ ያቺን የማጽናኛ ቃል ሁለት ሦስቴ ለራሱ ሲላት ጣፍጣዋለች። ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀረው ጭንቀት ዣንጥላው ነበር።

ወደ መጨረሻው ጉድጓድ የሚኬደው መምቻ ከሆነው አንድ የዛፍ ጉቶ ተነሥቶ መስኩን አቋርጦ ነው። በግራ የተዋጊዎቹ ምሽግ አለ። ሰሚሃ እንደምትለው ፈረንጆች ኳሳቸውን የሚያስቸግር ጉድጓድ በገንዘባቸው ያስቆፍራሉ፤ ሐይቅ ግን በነፃ ተቆፍሮላታል። በቀኝ ክትክታው ጥቅጥቅ ብሎ በቅሏል። ከክትክታው ወዲያ የባለሀብቱ ቆርቆሮ ዘመም ብሎ ቆሟል፤ ከሱ ወዲያ የሰሚሃ ቀይ ሻሽ የታሰረበት ዘንግ ጉድጓዱን ያሳያል።

አራጋው መታ። ኳሷ መሐል መስኩን ይዛ ሄዳ ጉድጓዱ ሊደረስበት ሲል ቆመች። አራጋው ወደ ኑርዬ ዞረና ዣንጥላውን ከጉቶው ላይ አንሥቶ አቧራውን አራገፈው።

ኑርዬ «ቢስሚላህ» ብሎ ዱላውን ሰቀለ። ልክ ሲያወርደው አራጋው አስነጠሰ። ማስነጠስ ብቻ አይደለም፤ ሐይቁ ላይ የነበሩ ወፎች ተነሡ። የኑርዬ ኳስ ወደ ቀኝ ሾለከች፤ ፀሐዩ ውስጥ ገባች፤ ከየት እንደሆነ ያልታወቀ የቆርቆሮ ድምፅ ተሰማ።

«ክትክታው ውስጥ ነው የገባች!» አለ አንዱ። ሰሚሃ ስልኳን ይዛ ወደ ክትክታው ሮጠች፤ ሕዝቡም የጠፋች ፍየል እንደሚፈልግ ተከተላት። አራጋው አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ወደ ምሽጉ ዞሯል። ጉቶው አጠገብ የቀረችው ሀጀራ ብቻ ናት፤ ከጧት ጀምሮ ተራዋን እየጠበቀች ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች።

ኑርዬ ደሙ ፈላ። ሆን ብሎ ነው! እያወቀ ነው ያስነጠሰው! ከኮቱ ኪስ ሁለተኛ ኳስ አወጣና ሣሩ ላይ ወረወራት፤ «አስተግፊሩላህ!» ብሎ ባለ በሌለ ኃይሉ መታት። የተቆጣ ሰው ምት ደግሞ የታወቀ ነው። ኳሷ እንደበረገገች ዶሮ ሣር ለሣር ተንቀዥቅዣ ምሽጉ ውስጥ ገባች፤ ሰሚሃ የምቱን ድምፅ ሰምታ ዞር ስትል አየቻት።

ክትክታው ተበረበረ። ሴቱ ወንዱ ሣር ይገልጣል፤ አንዱ የሌላውን ጫማ ይረግጣል። ሰሚሃ ስልኳን እያየች «አንድ ደቂቃ አለፈ… እየሄደ ነው…» ትላለች። ኑርዬ በሐሳቡ ገበያው መሐል ደርሷል፤ የበርበሬ ነጋዴዎቹ ሲስቁ ይታየዋል።

«ተገኘች!»

እንድሪስ ነው። ክትክታው ውስጥ ሳይሆን ከሻሹ ሥር ቆሟል፤ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቷል። «ኧረ ኑ እዩ! አልሐምዱሊላህ!»

ሰው ሁሉ ሮጠ፤ ሀጀራም ከኋላ ደርሳ አንድ ድንጋይ ላይ አረፍ አለች። እውነትም የኑርዬ ኳስ ነበረች። ቆርቆሮውን መትታ ነጥራ፣ የላም ኮቴ ያጎደጎደው ቦታ ላይ ተቀምጣለች። ሰሚሃ በጥፍር ቀለም የጻፈችባት «ኑ» ወደ ላይ ታያለች። ጉድጓዱ ከዚያ ቢበዛ አንድ ዱላ ቢርቅ ነው፤ ሕፃን ልጅ በእግሩ ነካ ቢያደርጋት ትገባለች።

«አብሽር፣ አያ ኑርዬ!» አለ ኸሚስ፤ ታንኳውን ዳር አስሮ ገና እየመጣ ነበር። እልልታው ቀለጠ። ኑርዬ ከት ብሎ ሳቀ። ዣንጥላው ከራሱ ላይ ወርዶ አራጋው እጅ ሲገባ በዓይኑ አየው። እንዴት አድርጎ ቀስ ብሎ እንደሚራመድ፣ የትኛው ሱቅ በር ላይ ቆሞ ሰላምታ እንደሚያበዛ ሁሉ ወሰነ።

«አባ» አለች ሰሚሃ። «ሁለተኛዋን ሲመቱ ‹ተጠባባቂ ናት› ብለዋል?»

እልልታው ቆመ። የኑርዬ አፍ ተከፈተ፤ ምን ሊል እንደነበር ግን እሱም አላወቀ። ምክንያቱም ሌላ ሰው ቀደመው።

«ብሏል!» አለ እንድሪስ።

«እንዴታ! በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለ ኸሚስ።

«ብሏል እንጂ! ጮክ ብሎ ነው ያለው!» ሕዝቡ ተቀባበለው። ክትክታው ውስጥ ጭንቅላቱን ቀብሮ የነበረውም ሰምቷል፤ አስፋልቱ ላይ ባጃጅ አቁሞ የሚያየውም ሰምቷል።

ሐይቅ ላይ ሰው የሚዋሸው ለጥቅም ብቻ አይደለም። ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። የተከበረ ሽማግሌ ባደባባይ እንዳይዋረድ፣ ልጁ ፊት እንዳያፍር፣ ሁሉም የአቅሙን ያዋጣል፤ ለለቅሶ እንደሚያዋጣው ማለት ነው። ኸሚስን ተመልከቱት። ከሱ የቀና ሰው ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል፤ ሌሊቱን ያጠመደውን ዓሣ ለጎረቤት አድሎ ባዶ ፌስታል ይዞ ቤቱ የሚገባ ነው። «አይ» የምትል ቃል ግን ከተወለደ ጀምሮ ከአፉ ወጥታ አታውቅም።

«እኔም ሰምቻለሁ» አለ አራጋው።

ኑርዬ ዞሮ አየው። አራጋው ዓይኑን ወደ ሐይቁ መልሷል። ዣንጥላውን ለመሸከም ተዘጋጅቶ ነበር፤ ጓደኛው ሰው ፊት ከሚያፍር እሱ ገበያውን ቢዞር መርጧል። ይህን ባየ ጊዜ ኑርዬ ደስ አለው። እንግዲህ ተጋጣሚው ራሱ ከመሰከረ ምን ቀረ?

ደግሞስ ኒያ በልብ አይደለም? በልቡ ብሏል። ብሏል እንዴ? ወደ ኋላ ሄዶ ልቡን መረመረው። ያን ሰዓት በልቡ የነበረው ስለ አራጋው አፍንጫ ነበር፤ ስለ ኳስ የተባለ ነገር አላገኘም።

«ሲመቱ ከአጠገብዎ የነበረው ማነው?» አለች ሰሚሃ።

ዓይኖች ሁሉ ወደ ሀጀራ ዞሩ። እንድሪስ ቀድሞ ፈገግ አለላት። «ሀጀራማ ቅርብ ነበረች። ሰምታለች። አይደል፣ ሀጀራ?»

ሀጀራ ተነሣች። ሻርፗን አስተካከለች፤ መልሳ ደግሞ አስተካከለችው። «እኔ የሰማሁት አያ ኑርዬ አስተግፊሩላህ ሲሉ ነው» አለች። «ሌላ አልሰማሁም።»

«ምናለ ብትለው!» አለ አንዱ ከኋላ። «ዳኛዋ ፊት እንዲህ ይባላል?» አለች ሌላዋ። ኸሚስ በሀፍረት አንገቱን ደፋ፤ ለራሱ ሳይሆን ለሷ ነበር ያፈረላት።

ኑርዬ ተናደደ። ምን ዓይነት ሴት ናት? አሁን፣ ከአንድ አፍታ በኋላ፣ እኔው ዘንድ ፍርድ ልትለምን! አገር ሁሉ ብሏል ሲል እሷን ምን አናገራት? ሊገሥጻት ቀና ሲል ድንጋዩ ላይ ተመልሳ ተቀምጣ ተራዋን ስትጠብቅ አያት። ያቺ አንድ አፍ ብቻ ያላት ሴት፣ ያቺኑ አንድ አፏን አውጥታ ዳኛዋ ላይ መሰከረችበት። ምን እንደሚያስከፍላት ታውቃለች፤ የልጅ ልጆቿን ወተት ነው። እያወቀች አለችው።

ንዴቱ የት እንደገባ ጠፋ። የቀረው እፍረት ነበር፤ ጆሮው ድረስ የሚያቃጥል። ከጧት ጀምሮ ሲያጣጥማት የነበረችው ያቺ የማጽናኛ ቃል ትዝ አለችውና አፉ መረረው።

«አላልኩም» አለ።

«ብለሃል!» አለ አራጋው። «ሰምቻለሁ እያልኩህ!»

«አንተ የእስጢፋኖስ ገዳምን ደወል የማትሰማ ሰውዬ የኔን ማጉረምረም በየት ጆሮህ ሰማኸው? አላልኩም ብያለሁ። ከአፌ የወጣው አስተግፊሩላህ ብቻ ነው። ኳሴ ምሽግ ውስጥ ያለችው ናት፤ ይህቺ ሞታለች።» ጎንበስ ብሎ «ኑ» የተጻፈባትን ኳስ አነሣና ኪሱ ከተታት። ከዚያ ወደ ኸሚስ ዞረ።

«ኸሚስ፣ ወንድሜ።»

«አቤት፣ አያ ኑርዬ።»

«እኔ ስመታ የት ነበርህ?»

«ያው… ታንኳዬን ሳስር።»

«ከዚያ ሆነህ ያላልኩትን ሰማኸው። እንድሪስ ጊደሯን ሲያስነግር የሰማኸውስ? ከዚህ ቀርበህ ነው ወይስ ርቀህ?»

ኸሚስ እግሩን አየ፤ ሐይቁን አየ፤ እንድሪስን አየ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያቺን ቃል ሊያወጣት ሲታገል ላብ አጠመቀው። «ከዚህም ርቄ ነው» አለ በመጨረሻ። «አውፍ በሉኝ። ‹ሰምተሃል አይደል› ሲለኝ፣ አልሰማሁም ማለት ከበደኝ።»

ሌላው ምስክር የት እንደሄደ ሲፈለግ፣ ወደ አስፋልቱ እየወጣ ነበር።

እንድሪስ ወደ ኑርዬ ዞረ። አሁን የጨዋታ ሰው አይመስልም። «ያን ጊዜ የሚያስነግሩለት ሰው የት ነበር?» አለ። «ከተማው ባዶ ነበር። ተኩስ እየተሰማ በጨለማ ገደል ለገደል ነው ያተረፍኳት። ሰው ሲመለስ ደግሞ… ለመድኳት። በልቤ ግን ወላሂ ለባለቤቷ ነበር የያዝኳት። መጀመሪያ።»

«በልቤ ብያለሁ ማለትማ እኔም ዳድቶኝ ነበር፣ እንድሪስ» አለ ኑርዬ። «ልባችን የተናገረውን ሀጀራ ከየት ትስማው?»

ዋርካው ሥር የተደረገው ረጅም አልነበረም። ኑርዬ ከአራጋውና ከሌሎቹ ሽማግሌዎች ጋር ተቀመጠና ላሚቱ ከነጥጃዋ ለሀጀራ ትመለስ ተባለ። እንድሪስን ማንም ሌባ አላለውም። እሱ ባይኖር ላሚቱ የጅብ እራት ነበረች፤ ይህን ያለችው ሀጀራ ራሷ ናት። የመጀመሪያውን ቅቤ ለሱ ቤት እንደምትልክ ተናገረች። እንድሪስ ላሚቱን እስከ በሯ ድረስ ራሱ ነድቶ አደረሰላት፤ ሲመለስ አጥሩ ላይ ቆሞ ሁለት ጊዜ ዞሮ አያት።

ጨዋታውም ቀረ እንዳይመስላችሁ። ኑርዬ ምሽጉ ውስጥ ወርዶ ኳሷን ለማውጣት እስኪያልበው ድረስ ዱላውን አነሣ አወረደ። አቧራ በአቧራ ሆኖ ሲወጣ አራጋው ጨርሶ፣ ዣንጥላው ላይ ተደግፎ ይጠብቀው ነበር።

የገበያው ዕለት ፀሐዩ እንደ ልብ ነበር፤ አራጋው ሌሊቱን ሳይጸልይበት አልቀረም። ነጭ ጋቢውን አጣፍቶ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ እግር ከእግር እየቆጠረ ይራመዳል። ኑርዬ ከኋላው ዣንጥላውን ይዞ ይከተላል። እህል ተራውን አለፉ፣ ከብት ተራውን አለፉ። የበርበሬ ነጋዴዎቹ እንደተፈራው ሳቁ። አራጋው በየሱቁ በር እየቆመ የዕቃ ዋጋ ይጠይቃል፤ ምንም አይገዛም።

«ከፍ አድርገው፤ ጆሮዬን ፀሐይ ነካው» ይላል ዞሮ።

«ለምን ነው? አትሰማበት!» ይላል ኑርዬ።

ጨርቅ ተራው ጋ ሲደርሱ፣ ከአምባሰል የወረዱ ሁለት ሰዎች እንዳልተስማሙ በሚያስታውቅ አካሄድ ተራርቀው መጡ። በድንበር ተጣልተዋል። አንደኛው አንዲት ባለሱቅ አስቆመና ጠየቀ።

«ኑርዬ የሚባሉት ሽማግሌ የትኛው ናቸው? በራሳቸው ላይ የፈረዱት?»

ሴትዮዋ ነጭ ጋቢ ለብሶ በጥላ የሚንጎማለለውን አራጋውን በአገጯ አለፈችው። «እኒያ ዣንጥላ ያዡ ናቸው» አለች።

ሁለቱ ሰዎች አራጋውን አልፈው ኑርዬ ፊት ቆሙና ጎንበስ ብለው ሰላም አሉ። ኑርዬ በነፃ እጁ መለሰላቸው፤ ዓይኑ እንባ ማቅረሩን በፀሐይ አሳበበ።

«ዛሬ አይመቸኝም፣ ልጆቼ» አላቸው። «ሰው አጅቤያለሁ። ነገ ኑ።»